ቴርሞሜትሩ የት ይተከል?

ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ ሳለሁ ተከራይቼ ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ይኖሩ ነበር። እኒህ ሰው ለመኪና ማቆሚያ በተሠራ ክፍላቸው ውስጥ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ አሻግረው ጠሩኝ። በመዳፋቸው ላይ የብዕር ክዳን የምታህል ሴንሰር ነበረች። «አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ አሉ፤ የውጭውን አየር ሙቀት የምትለካውን ይህችን ነገር የት ልትከላት?» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «አየር የሚነካት ቦታ ሁሉ ይሆናል» ብዬ መለስኩላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። «ከአውሮፕላን ላይ አየር የማይነካው የትኛው ቦታ ነው?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ የቴርሞዳይናሚክስን ፈተና በከፍተኛ ውጤት ካለፍኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ጥያቄው ግን ቀላል መስሎ ስለታየኝ መልሴ የተማሪ ሳይሆን የመንገደኛ መልስ ሆነ። ዛሬ በዚህ መጽሔት አንባብያን ፊት ልከፍለው የፈለግሁት ያን ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የማንን ደጃፍ እንደሚያንኳኳ ላስረዳ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ከሥራው ከግማሽ የሚበልጠውን ራሱ፣ ለትምህርት ወይም ለመዝናናት ብሎ ከሠራው፣ አውሮፕላኑ «የሙከራ» በሚባለው ምድብ ተመዝግቦ ሊበር ይችላል። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1953 በሚልዋኪ ተመሠረተ፤ በየዓመቱም በዊስኮንሲን ግዛት በኦሽኮሽ ከተማ ታላቅ ጉባኤ ያደርጋል። በኦሪገን የሚገኘው ቫንስ ኤርክራፍት የተባለ ኩባንያ ብቻ ክፍሎቻቸውን እየሸጠ በባለቤቶቻቸው ተገጣጥመው የበረሩት አውሮፕላኖች ከ10,000 በላይ ናቸው። እኛም ብንሆን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብንም፤ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» ጣሊያን ወስዷት ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወደ አገሯ ተመልሳለች። በፋብሪካ የተሠራ አውሮፕላን የገዛ ሰው ቴርሞሜትሩ የት እንደተተከለ አይጠይቅም፤ ሌላ ሰው አስቦ ወስኖለታል። በቤቱ የሚሠራ ሰው ግን መሰርሰሪያውን በአንድ እጁ፣ ሴንሰሩን በሌላ እጁ ይዞ በአሉሚኒየሙ ፊት ይቆማል። አንዴ የተበሳ ቀዳዳ ደግሞ ተመልሶ አይደፈንም።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው ከአውሮፕላን ጋር ምንም ዝምድና የሌለው አንድ እውነት ነው። ቴርሞሜትር የሚነግረን የራሱን የሙቀት መጠን ብቻ ነው። የአየሩን ሙቀት ነገረን የምንለው እርሱና አየሩ በሙቀት ተስማምተዋል ብለን ስለምናምን ነው። ከአየሩ ሌላ የሚያሞቀው ወይም የሚያቀዘቅዘው ነገር ካለ ግን ስምምነቱ ፈርሷል፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር የሁሉም ባለዕዳዎች ድምር ነው። በአውሮፕላን ላይ ባለዕዳዎቹ አራት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ፣ ሞተር፣ ሴንሰሩ የተጣበቀበት ገላ፣ በመጨረሻም ፍጥነቱ ራሱ።

ፀሐይን የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገሏት ኖረዋል። በየጣቢያው የምናያት ባለ ብዙ ሽንቁር ነጭ ሣጥን የስኮትላንዳዊውን ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን አባት፣ የስኮትላንዱን መሐንዲስ የቶማስ ስቲቨንሰንን ስም ይዛለች። ቴርሞሜትሩን ከምድር ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ አድርጋ ከጨረር ትጋርደዋለች፤ ነፋስ ግን ታስገባለታለች። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በሯ ወደ ሰሜን እንዲሆን ይታዘዛል፤ ይህም ሲከፈት ፀሐይ እንዳትገባ ነው። ለለንደን ፍጹም ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትቆመው ከራሳችን በስተሰሜን በኩል ነው። ደንቡን የሸመደደ ሰው በክረምት ወራት በሯን ለፀሐይ ይከፍታል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው አይከፍትም። የሴንሰር አተካከልም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ «እዚህ ትከለው» የሚለው ትእዛዝ ከምክንያቱ ተነጥሎ ሲሄድ ሩቅ አይሄድም።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ማለትም ወደ ፍጥነት እንምጣ፤ ለፊዚክስ ተማሪ ከሁሉም ይልቅ የሚጣፍጠው እርሱ ነው። አውሮፕላን አየሩን ሲሰነጥቅ በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው አየር ይገታል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጁልና ቶምሰን (የኋላው ሎርድ ኬልቪን) በ1850ዎቹ ቴርሞሜትር በአየር ውስጥ በፍጥነት እያሽከረከሩ ሙቀቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚጨምር አሳይተዋል። ስሌቱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ የፍጥነቱን ካሬ ለ2 እና ለአየር የሙቀት አቅም፣ ይኸውም በኪሎግራምና በኬልቪን ለ1,005 ጁል፣ ማካፈል ነው። በሰከንድ 80 ሜትር ለሚበር የቤት ሥራ አውሮፕላን 6,400 ለ2,010 ሲካፈል 3.2 ዲግሪ ይሆናል። በሰከንድ 250 ሜትር ለሚጓዝ የመንገደኞች ጄት ደግሞ 31 ዲግሪ ይደርሳል። የኮንኮርድ አፍንጫ ውጭው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ከፍታ ላይ እስከ 127 ዲግሪ እንዲሞቅ ተፈቅዶለት ነበር። የጄት አውሮፕላን ኮምፒውተር ይህን ያውቃልና ይቀንሳል። በመካኒኩ አውሮፕላን ላይ ግን የሚቀንስለት ወይ መሣሪያው ነው፣ ወይ እርሳቸው ራሳቸው፣ ወይም ማንም።

አየሩ በሴንሰሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማይገታ የሚደርሰው ሙቀት ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ጠፍጣፋ ገላ ላይ በደንብ ለሚፈስ አየር ከ84 እስከ 89 በመቶው ነው። ስለዚህ በሰከንድ 80 ሜትር 2.7 ዲግሪ ገደማ እንጠብቃለን።

ብዙ የቤት ሠሪዎች አጥብቀው የሚጨነቁበት አንድ ነገር አለ፤ እኔ ግን ጭንቀቱ ያለቦታው ነው ባይ ነኝ። የከፍታ መለኪያው የሚጠቀምበትን የግፊት ቀዳዳ ትክክለኛ ቦታ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ ስለሚያውቁ ቴርሞሜትሩም እንዲሁ አየሩ «ያልተረበሸበት» ነጥብ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። አይፈልግም። በክንፍ ዙሪያ አየሩ በአንዱ ቦታ ይፈጥናል፣ በሌላው ይዘገያል። ሲፈጥን ይቀዘቅዛል፤ ሴንሰሩ ላይ ሲገታ ግን የቀዘቀዘውን አብዛኛውን መልሶ ይከፍላል። የአየሩ ፍጥነት በዚያ ቦታ 20 በመቶ ቢጨምር በንባቡ ላይ የሚመጣው ለውጥ 0.2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የግፊት ካርታ ይዘን ቦታ መፈለጋችንን ትተን፣ የሙቀት ካርታ እንያዝ፤ ከሞተሩ፣ ከጭስ ማውጫው፣ ከአብራሪው ክፍልና ከፀሐይ የሚመጣው ሙቀት በየት በኩል ያልፋል?

በዚህ ካርታ ሲታይ የተለመዱት ቦታዎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ። የድሮዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች ክብ ቴርሞሜትራቸውን በፊት መስኮቱ በኩል አሳልፈው ይተክሉት ነበር፤ ጫፉ በፀሐይ ይመታል፣ ግንዱ ደግሞ የአብራሪውን ክፍል ሙቀት ይዞ ይወጣል። የአውሮፕላኑ ሆድ ከዚያም የባሰ ነው። ከኮፈኑ ሥር የሚወጣው ትኩስ አየርና የጭስ ማውጫው በሆዱ ላይ ተነጥፈው ስለሚሄዱ፣ እዚያ የተተከለ ሴንሰር የሞተር ቴርሞሜትር ነው። የጅራቱ አግዳሚ ክንፍ ሥር ጥላ አለው፤ ግን ከሞተሩ በስተኋላ በቀጥታ ይገኛል።

ከሁሉም ይልቅ አከራካሪው ለአብራሪው ንጹሕ አየር በምታስገባው በገላው ጎን ባለች ስርጉድ ቀዳዳ ውስጥ መትከል ነው። የቀዳዳዋ ቅርጽ «ናካ» በሚባለው በቀድሞው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ኮሚቴ ስም ይጠራል። ቦታው ይመቻል፤ ከውስጥ በእጅ ይደረሳል፣ ሽቦው አጭር ነው፣ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ከፀሐይም ይጋረዳል። ለዚህም ነው ብዙዎች የሚመርጡት። ክርክሬ ግን እንዲህ ነው። ወደዚህች ቀዳዳ የሚገባው አየር አስቀድሞ በሞተሩ ኮፈን ገላ ላይ ተጣብቆ የመጣ ነው፤ ከኮፈኑ ስንጥቆች የሚያመልጠው ሙቀትም አብሮት ይጓዛል። አብራሪው ስለበረደው ቀዳዳዋን ሲዘጋት ደግሞ ሴንሰሩ የሚለካው ከክፍሉ በሚመጣ ሙቀት የሚሞቅ የቆመ አየር ይሆናል። ልብ በሉ፤ አብራሪ ቀዳዳዋን የሚዘጋው ውጭው ሲቀዘቅዝ ነው፤ የቴርሞሜትሩ ታማኝነት ከምንም ጊዜ በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ምቾትን ለመካኒኩ ሰጥቶ ስህተትን ለአብራሪው የሚያስተላልፍ ቦታ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ቢሆኑም እንኳ።

እኔ የምመርጠው የክንፉን ሥር ነው፤ ፕሮፔለሩ ከሚያሽከረክረው አየር ወጣ ብሎ ወደ ክንፉ ጫፍ በኩል፣ በመፈተሻ ክዳኑ ላይ ቢሆን ክዳኑ ብቻ ይበሳል እንጂ ክንፉ አይነካም። ሴንሰሩ ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ በሁለቱም በኩል የናይለን ሮንዴላ ይግባበት። የክንፉ የላይኛው ገጽ በፀሐይ የጋለ እንደሆነ ብረቱ ሙቀቱን ወደ ታች ያሻግራልና። የክንፉ ጫፍ በፋይበር ግላስ የተሠራ ከሆነ ደግሞ እሰየው፤ እርሱ ሙቀት ስለማያስተላልፍ በራሱ ሮንዴላ ነው። ከማረፊያ መብራቱ ግን ይራቅ።

ሁለት ተቃውሞዎችን በቅንነት መመለስ ይገባኛል። አንደኛው የሽቦው ርዝመት ነው። ሴንሰሩ በፕላቲነም የኤሌክትሪክ መቋቋም የሚሠራና በ0 ዲግሪ 100 ኦም የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ በያንዳንዱ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ብቻ ነው። አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር የሚመለስ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ግማሽ ኦም ቢጨምርበት ንባቡ በ1.3 ዲግሪ ይሳሳታል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ሦስተኛ ሽቦ ጨምሮ የሽቦውን መቋቋም ማጣፋት፣ ወይም በያንዳንዱ ኬልቪን አንድ ማይክሮአምፔር የሚልክ ሴንሰር መጠቀም ይቻላል፤ የኋለኛው ለሽቦው ርዝመት ደንታ የለውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ክንፉ ሥር ያለ ሴንሰር አውሮፕላኑ በአስፋልት ላይ ቆሞ ሳለ ከፕሮፔለሩ ነፋስ ውጭ ስለሆነ የጋለውን አስፋልት ነው የሚያነበው። ይህን አልክድም። መሬት ላይ ላለ አውሮፕላን ጥሩ ቦታ የለም። ለመነሳት ስሌት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከጣቢያው የሚቲዎሮሎጂ ዘገባ መውሰድ ይገባል እንጂ ከራስ ሴንሰር አይደለም።

«ለሦስት ዲግሪ ይህ ሁሉ ክርክር?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በከፊል ትክክል ነው። ትክክለኛው የበረራ ፍጥነት ሲሰላ ሙቀቱ የሚገባው በካሬ ሥሩ ስለሆነ አሥር ዲግሪ ቢሳሳት እንኳ በሰከንድ 80 ሜትር ላይ የሚመጣው ስህተት 1.4 ሜትር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ መሞቅ ስለሚያደላ የተሰላውን ፍጥነት ከፍ ያደርገዋል፤ ያለቦታው የተተከለ ቴርሞሜትር ባለቤቱን ያሞግሳል ማለት ነው። ምናልባትም የአየር ቀዳዳዋ ወዳጆች የበዙት ስለዚህ ይሆናል!

በረዶ ላይ ስንደርስ ግን ቀልዱ ያበቃል። ውጭው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ በሆነ ደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን በፍጥነቱ ምክንያት 2.7፣ ከሞተሩ በሚሾልክ ሙቀት ምክንያት ደግሞ 2 ዲግሪ ቢጨመርበት በመስኮቱ ላይ የሚነበበው ወደ 4 ዲግሪ ነው። አብራሪው በረዶ አይሠራም ብሎ ይቀመጣል። ክንፉም በፍጥነቱ ልክ ይሞቃልና ስህተቱ አይጎዳም የሚል ተከራካሪ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ይሁንና በደመና የረጠበ ክንፍ ያን ሙቀት በከፊል በትነት ያጣዋል፤ ለማረፍ ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስም የቀረው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሞተሩ የሾለከው 2 ዲግሪ ደግሞ ሴንሰሩን እንጂ ክንፉን አንዳች አላሞቀም።

የአየሩን እፍግታ በተመለከተ የእኛን ከተማ ብንወስድ የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዓለም አቀፉ መደበኛ ከባቢ አየር በዚህ ከፍታ የሚጠበቀው ሙቀት 0 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ቀን አየሩ ስለሚሳሳ ክንፍና ሞተር ራሳቸውን በ3,200 ሜትር ላይ እንዳሉ ያህል ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ ቴርሞሜትሩ ቢያጋንን ስሌቱ አብራሪውን ይበልጥ ጠንቃቃ ያደርገዋልና ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልማድ ነው። ቴርሞሜትሬ ሁልጊዜ ያጋንናል ብሎ የለመደ ሰው በግምት መቀነስ ይጀምራል። አንድ ቀን፣ በእርግጥም በሚሞቅበት ቀን፣ እውነተኛውን ቁጥር ይቀንሰዋል።

ለተማሪዎቻችን ደስ የሚለው ክፍል ፈተናው ነው። ሴንሰሩን በሚቀልጥ በረዶና ውኃ ውስጥ ነክሮ 0 ዲግሪ ማንበቡን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ነው። በፈላ ውኃ ለመፈተን የሚሻ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አይርሳ፤ ለ100 ዲግሪ ብሎ ሴንሰሩን የጣለ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ በአንድ ከፍታ ላይ በልዩ ልዩ ፍጥነት ይበረራል፤ ንባቡ በቁም መስመር፣ የፍጥነቱ ካሬ በአግድም መስመር ይጻፋል። እውነተኛው ሙቀት 10 ዲግሪ ቢሆን ጤናማ ሴንሰር በሰከንድ በ40፣ በ60 እና በ80 ሜትር 10.7፣ 11.5 እና 12.7 ያነባል። ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይውላሉ፤ መስመሩ ዜሮ ፍጥነትን የሚያቋርጥበት ነጥብ የአየሩ ሙቀት ነው። ሞተሩ እጁን አስገብቶ እንደሆነ ግን ከመስመሩ የሚያፈነግጡ ነጥቦች ይመጣሉ። በተለይ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ በሙሉ ኃይል ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፣ ነፋሱ ያንሳል፤ ቀጥታ በረራ ላይ ተደብቆ የነበረው ሙቀት ያኔ ይወጣል። ፀሐይን ለመያዝ ደግሞ በአንድ ከፍታና ፍጥነት አንዴ ፀሐይን በግራ፣ አንዴ በቀኝ አድርጎ መብረር ይበቃል።

ይህ ግራፍ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም። በክፍሌ ግን ተማሪዎቼ የሙቀት ስሌት በቃላቸው እየወጡ፣ ቤተ ሙከራ ገብተው ቴርሞሜትሩን በመስኮት በኩል ፀሐይ በሚያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡትና በአሥረኛ ዲግሪ ትክክለኛነት ሲመዘግቡት ደጋግሜ አይቻለሁ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የፈተና ወረቀታችን «የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው እንበል» ብሎ ይጀምራል። ያን 20 ዲግሪ ማን፣ በምን፣ የት ቆሞ እንዳገኘው ጠይቀን አናውቅም። እኔ በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ቁጥር ሳይሰጥ፣ መሣሪያ ብቻ ሰጥቶ «የት ታስቀምጠዋለህ? ለምን?» የሚል እንዲሆን ለባልደረቦቼ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ለማረም ያስቸግራል የሚል መልስ ተሰጥቶኛል፤ እውነት ነው፣ ያስቸግራል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ነው። በርት ሩታን የነደፈው ሎንግ ኢዚ የተባለው የቤት ሥራ አውሮፕላን ሞተሩና ፕሮፔለሩ ከኋላ ናቸው። በእርሱ ላይ የሙቀት ካርታው ይገለበጣል፤ አፍንጫው ከሁሉም የነጻ ቦታ ይሆናል፣ እዚያ አጠገብ ያለች የአየር ቀዳዳም እኔ ከላይ ያወገዝኩባትን ኃጢአት አልሠራችም፤ ስትዘጋ ካልሆነ በቀር።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ የነገርኳቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ በወረቀት አስልቼ፣ ሥዕል ስዬ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው በጥሞና አነበቡና ወደ ግራው ክንፍ ወሰዱኝ። ሴንሰሯ ከመፈተሻ ክዳኑ ሥር፣ በሁለት ነጫጭ ሮንዴላዎች መካከል ተተክላ ነበር።

«ፀሐይና ማርሚታ የማይደርሱባት ቦታ ፈለግሁ» አሉኝ። «ያንተ ያ 2.7 ግን አልነበረኝም።» እርሳስ ከኪሳቸው አውጥተው ቁጥሩን በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ጻፉት።